ወንጪ ዳገት ላይ የታነቀች ሞተር

የባየሽ ላንድሮቨር ጥቁር ጭስ እየለቀቀች በጋራዡ በር ስትገባ፣ ቦጂያ ካርቶን አንጥፎ የሌላ መኪና ሆድ ሥር ተጋድሞ ነበር። ድምጿን አልሰማም። ያወቃት በጠረኗ ነው፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ጠረኑ ዓይን ያቃጥላል። «መጣች ደግሞ» አለ ለራሱ። ለመነሳት አልቸኮለም። ወገቡ መሬቱን ለምዶት ስለነበር ትንሽ እዚያው ቢቆይ በወደደ።

ሹፌሩ መርጋ ግን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ነቀነቀው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ቦጂያ? ተስተካክላለች ብለውኝ አልነበር? ይኸው፣ ትናንት ወንጪ ዳገት ላይ ታንቃ ቆመች። ያውም ሰው ጭኜ!»

ቦጂያ እየተንፏቀቀ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ። ይህችን መኪና በዚያ ዓመት ብቻ ስንቴ እንደነካካት ራሱም ረስቶታል። አስተካክሎ ይልካታል፣ ታንቃ ትመለሳለች።

ሞተር የለመደው ጭልሞ ጫካ ዳር በነበረ የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ነው። ጎረምሳ ሳለ ቀኑን ሙሉ መሰንጠቂያውን ከሚያዞረው ሞተር አጠገብ ቆሞ ይውል ነበር፤ ሲንገጫገጭ ምን እንዳነሰው፣ ሲያጓራ ምን እንደበዛበት ከጩኸቱ መለየት ተማረ። መንግሥት ሲለወጥ መሰንጠቂያው ተዘጋ። ቦጂያም አምቦ መጥቶ በጉደር መውጫ በኩል የቆርቆሮ ጥላ ሠራና ጋራዥ ከፈተ። ሰው የሚፈልገው ለጆሮው ነበር። ካቻቢቴውን ካርቡሬተሩ ብሎን ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትንሽ ይፈታል፣ ትንሽ ያጠብቃል፤ ቤንዚኑና አየሩ የሚስማሙባትን ቦታ ሲያገኛት ሞተሩ ንዝረቱን ትቶ ይረጋል።

አሁን የከዳው ያ ጆሮ ነው። ቀኙ ከመሰንጠቂያው ዘመን ጀምሮ ደካማ ነበር፤ ግራውም ካለፈው ክረምት ወዲህ እየተደፈነ መጣ። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ኤቢሴ ብቻ ናት።

«ንገራቸው እንጂ» ትለዋለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እስከ መቼ የሰማህ እየመሰልክ ራስህን ትነቀንቃለህ?»

«ማን መኪናውን ይሰጠኛል ታዲያ?» ይላትና ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል።

ላንድሮቨሯ ደግሞ ጤነኛ ጆሮንም የምታስቸግር ናት። የራሷ ሞተር ያለቀው የባየሽ ባል ጉደታ በሕይወት ሳለ ነበር። ጉደታ ከተገለበጠ ፒካፕ የወጣ ተለቅ ያለ ሞተር ፈልጎ አመጣ፤ ቦጂያ ማሰሪያውን ቆርጦና በይዶ አስገባለት፤ ካርቡሬተሩን ከሌላ መኪና ወስደው ገጠሙት። ጉልበት አገኘች፣ አመሏ ግን ተበላሸ። አምቦ ላይ ስትስተካከል ወንጪ ላይ ትታነቃለች። ዳገቱ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል፤ ሞተሩ መተንፈስ ያቅተውና በገዛ ጥላሸቱ ይታፈናል።

ከሰዓት በኋላ ባየሽ ራሷ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከመርጋ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሰውና ድንች አብራ እያመላለሰች የምትኖር ሴት ናት። ጎማ ላይ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ተናገረች። ቦጂያ ከንፈሯን እያየ ነው የተከታተላት።

«ወደ ኋላ ተንከባለለች ኦቦ ቦጂያ። መርጋ ፍሬኑን ረግጦ፣ ሰው ከጎማው ሥር ድንጋይ እስኪያስገባ ድረስ ነፍሴ ከእኔ ጋር አልነበረችም። አንዲት ነፍሰ ጡር ፈርታ ዘለለች።»

«ተጎዳች?»

«እጇ ተሰብሯል። ፅንሱ ደህና ነው አሉን። ዳገቱ ድረስ ይምጡልኝ፤ እዚያው የምትታነቅበት ቦታ ላይ ያስተካክሏት።»

ቦጂያ እምቢ ሊል ነበር። ዳገቱ ላይ ነፋስ አለ፤ በነፋስ ውስጥ ደግሞ ምንም እንደማይሰማ ያውቃል። ግን የነፍሰ ጡሯ የተሰበረ እጅ ዓይኑ ላይ ዞረበት። «ነገ ጠዋት» አለ።

በማግስቱ ሦስቱ ብቻ ወጡ። መንገዱ እየከበደ ሲሄድ መኪናዋ መንተፋተፍ ጀመረች፤ አንድ የገብስ ማሳ ጋ ሲደርሱ ጭሷ ከኋላቸው መንገዱን ሸፈነው፤ ከዚያ ቀጥ አለች። መርጋ ወርዶ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፈና ሞተሩን እንደገና አስነሳ። ቦጂያ ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ። ብርዱ ጣቱን አደነዘዘው። ብሎኑን አዞረና ዓይኑን ጨፈነ። ነፋስ። ሌላ ምንም የለም። እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ ንዝረቱን ለመከተል ሞከረ፤ መርጋ ቤንዚን ሲሰጥ ንዝረቱም ተደበላለቀበት። አጠበቀ። ምንም ለውጥ ያለ አልመሰለውም፤ አሁንም አጠበቀ። ሞተሯ በቤንዚን እጦት ተንቀጠቀጠች፤ በካርቡሬተሩ አፍ እሳት ተፋችበትና ጠፋች። ቅንድቡ ተለበለበ።

መርጋ በሩን በርግዶ ወረደ። «ይቁሙ፣ ይቁሙ እያልኩ ስጮህ! ምን ነካዎት?»

ቦጂያ ካቻቢቴውን እንደያዘ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መደበቁ ራሱ ከሥራው በላይ አድክሞት ኖሯል።

«አይሰማኝም» አለ።

«ምኑ?»

«ሞተሩ። የአንተም የሌላውም ሰው ድምፅ በደንብ አይሰማኝም። ከክረምት ወዲህ ነው። አስተካከልኩ ያልኳችሁ በግምት ነበር።»

መርጋ ወደ ባየሽ ዞረ። ተቆጥታለች፤ ፊቷ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ወደ ሞተሩ ሄደች።

«ቀድመው ቢነግሩን ያቺ ሴት እጇ ባልተሰበረ» አለችው፣ እንዲያያት ፊት ለፊቱ ቆማ። «አሁን ይነሱ። እኔ እሰማልዎታለሁ። ከዚህች መኪና ጋር ስኖር ይኸው ስንት ዘመኔ፤ ስትታመም አውቃለሁ።»

ተነሣ። መርጋም መሪው ጋ ተመለሰ። ቦጂያ ከመሣሪያ ሻንጣው ለካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚያሳልፉትን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቁራጮች ፈልጎ፣ ጠበብ ያለችውን አወጣና በፊተኛዋ ምትክ አሰራት። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች እየነቀለ ጥላሸታቸውን ጠረገ። ሞተሩ ሲነሣ ብሎኑን ቀስ እያለ ማዞር ያዘ፤ ባየሽ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ አዘንብላ የሰማችውን በእጇ ታሳየዋለች።

«ታስላለች... አሁንም ታስላለች። ይቆዩ። ተነፈሰች! አይ፣ አለፉት፤ ይመልሱት።»

መለሰው። እጇን ዘርግታ አየሩ ላይ ያዘችው። ቦጂያ እዚያው ላይ ተወው።

ዳገቱን ወጡት። መኪናዋ አልታነቀችም፣ አልጨሰችምም። ጫፉ ላይ ቆመው ካንዴላውን ሲነቅል እንደ ጤነኛ ሞተር ካንዴላ ፈካ ያለ ቡናማ ሆኖ አገኘው። መርጋ ሳቀ። ቦጂያ ግን አልሳቀም፤ ወደ አምቦ ሲወርዱ አስቁሞ ያንኑ ካንዴላ እንደገና ነቀለና ለባየሽ አሳያት። ነጥቷል።

«ታች አየሩ ወፍራም ነው፤ ቤንዚኑ ያንሳታል፤ ትግላለች። እንዲህ ከተውኳት ሜዳው ላይ በዝግታ ካልተነዳች ቫልቩን ታቃጥላለች። ዕድሜዋን ይቆርጠዋል። ቀዳዳዋን ካሰፋኋት ደግሞ ዳገቱ ላይ...»

«ሰው ወደ ኋላ ከሚንከባለል ሞተሩ ይቃጠል» አለች ባየሽ። «ይተዋት።»

ማታ የደበቀውን እንደተናገረ ለኤቢሴ ነገራት።

«ምን አሉህ?»

«ባየሽ ተቆጣች። ከዚያ አብረን ሠራን።»

ራት ሳይቀርብ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ወሬው ግን ከመርጋ አፍ ወጥቶ ከተማውን ለማዳረስ አልዘገየም። አንዳንዱ ደንበኛ መኪናውን ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰደ። የቀሩት ቀረብ ብለው፣ ፊቱን እያዩ መናገር ለመዱ። እሱም ባለ መኪናውን አጠገቡ አቁሞ «ስማልኝ» ማለት ለመደ፤ ለቀረው የካንዴላውን ቀለም ያያል። ሥራው ዘገምተኛ ሆነ። ማታ ማታ ዓይኑ ይቀላል፣ ወገቡ አይቃናም።

የላንድሮቨሯ ቫልቭ እንደተፈራው በተከታዩ በጋ ተቃጠለ። ከዚያ ጥገና ወዲህ መኪናዋ ወንጪ ዳገት ላይ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም ነበር። ባየሽ በሌላ መኪና አስጎትታ አመጣቻትና፣ ቦጂያ ፊት ቆማ ቃላቱን እየለያየች «ማል ታኤ፣ ምን ሆነች አይበሉኝ፤ ያወቅነው ነው» አለችው።

ቦጂያ ኮፈኑን ከፈተ። የሞተሩን ብሎኖች መፍታት ጀመረ።