ቢላዋው ከአያቴ እጅ የወጣ ቀን

ልጅ ሳለሁ አያቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ለነገው ቅዳሴ ፊታቸው ጠርቶ እንዲያድር፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጺማቸውን ይላጩ ነበር። ቤታችን ከሞላሌ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፤ ብርዱ ያኔም እንደ ዛሬው አጥንት ውስጥ የሚገባ ስለ ነበር፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን እንኳ ከፍሙ አንርቅም። እሳቸው ጨርቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ፊታቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ ጺሙ እስኪለሰልስም ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ከዚያ ሳሙናውን በብሩሽ እየመቱ አረፋ ያደርጉና ከጆሯቸው ሥር እስከ አገጫቸው ይቀቡታል። እኔ ኩራዙን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ። ተረት የሚነግሩኝ ያኔ ነበር፤ ጉንጫቸውን ሲላጩ በአፋቸው ጥግ እያወሩ፣ ምላጩ ወደ አንገት ሲወርድ ግን ተረቱን በመሀል ቁርጥ አድርገው። «አንገት ላይ ቀልድ የለም» ይሉኝ ነበር።

በኩራዙ ብርሃን እጃቸው መንቀጥቀጥ እንደ ጀመረ ያወቅሁት ከሰው ሁሉ በፊት እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ ቅዳሜ መላጫውን ዘረጉልኝና፣ «ላጪኝ። ለአባትሽም ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። ለምን እንደሚደብቁ ይገባኝ ነበር። በመንደሩ ድግስ ሁሉ በግ የሚያርዱት፣ ሥጋውንም በየወጉ የሚያካፍሉት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ቢላዋ ሳይዙ የተሠረገ ሠርግ አላስታውስም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ቢላዋ አይሰጠውም።

ጥር ላይ የአክስቴ ሠርግ ሆነ። ጠዋት፣ አመዳዩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሳ፣ ከቤቱ ኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እላጫቸው ጀመር። የመጨረሻ ሴት ልጃቸውን የሚድሩበት ቀን ነውና ደስ ብሏቸዋል፤ ተረቱንም ሳልጠይቃቸው ጀመሩት። ጅብ ሠርግ ሊሄድ አምሮት ጦጣን ላጪኝ ይላታል። ጦጣ ግማሽ ፊቱን ላጭታ ትጠፋለች። ጅብ ሆዬ የተላጨውን ጉንጩን ብቻ እያሳየ፣ በጎን በጎኑ እየሄደ የበጎች ሠርግ ቤት ይገባል። በጎቹም የተከበረ እንግዳ መስሏቸው፣ «ይግቡ ጌታዬ፣ ይግቡ» እያሉ ከፊት ያስቀምጡታል።

እዚህ ላይ ምላጩ አንገታቸው ላይ ደረሰና ዝም አሉ።

«ከዚያስ? ፊቱን አዞረ?»

«ቆይ፣ ጨርሺና።»

«ይቀጥሉ እንጂ አባባ! በሞቴ!»

ሌላ ቀን ቢሆን እምቢ ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ግን፣ «ከዚያማ አንዲት ግልገል በወዲያ በኩል ዞራ ብታየው…» ብለው ዓይናቸውን እንደ ደነገጠች ግልገል አፈጠጡ። ሳቄ አመለጠኝ፤ እጄም አብሮ አመለጠ። ደሙ በአንገታቸው ወርዶ አዲሱን ነጭ እጀ ጠባባቸውን ሲያቀላው እያየሁ ደርቄ ቆምኩ።

አባቴ በጎቹ እንደ ታሰሩ ሊነግራቸው የመጣው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

አያቴ መላጫውን ከእጄ ነጥቀው ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። «ራሴን ስላጭ እጄ ስቶ» አሉ። እጃቸው በደንብ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ እጃቸውን አየ፣ ደሙን አየ፣ ከዚያም እኔን ረዘም አድርጎ አየኝ። ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ ዱላውን ፈርቼ መልሼ ዘጋሁት።

«እርስዎ ከእንግዲህ ይረፉ» አላቸው፤ ጎንበስ ብሎም ለእርዱ ታጥቀውት የነበረውን ቢላዋ ከወገባቸው ፈታ።

ያን ቀን በጎቹን ያረደው አባቴ ነው። አያቴ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ዋሉ። የመጣው ሁሉ «ምን ነካዎት?» ሲላቸው፣ «እርጅና ነው» ይሉ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምላጭ ዳግም አልነካም ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። «እውነቱን ለአባዬ ልንገረው» አልኳቸው።

«ቢላዋውን ቢመልስልኝ እጄን አይመልስልኝም» አሉ። «ያንቺን እጅ ግን ማቃናት ይቻላል። ነይ።»

ያኔ በወጉ አስተማሩኝ። ጺሙ ወደየት እንደበቀለ አስቀድሜ በጣቴ እንድዳስስ፣ አንገት ላይ አንዳንዱ ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ጎን እንደሚተኛ፣ ቆዳውን በግራ እጄ ወጠር አድርጌ ምላጩን ጋደል እንድይዘው፣ በአጭር በአጭሩ፣ ሳልጫን እንድሄድ፤ «የሚላጨው ምላጩ ነው፤ አንቺ ምራው ብቻ» እያሉ። ሲያበቃ በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኳቸው። ሰባት ዓመት ላጨኋቸው፤ አንድም ቀን አላደማኋቸውም። የጅቡን መጨረሻ ግን እሳቸውም አልነገሩኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ዛሬ እኔ አስተማሪ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስጮህ ሰንብቼ፣ የልጆቹን ደብተር ተሸክሜ ቅዳሜ እዚያው ቤት እገባለሁ፤ ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ የዛለውን አባቴን ልላጭ። ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው፣ ይደውላሉ። አንዳንድ ቅዳሜ መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ ባልነሳ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ከጉንጩ ግማሹን እንደ ጨረስኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አወጣሁት። «አባዬ፣ ያን ጊዜ አባባን የቆረጥኳቸው እኔ ነበርኩ።»

ንግግሩ ስለሚጎተት ረጅም ጊዜ ፈጀበት። «አውቃለሁ። እጅሽ ላይ አረፋ ነበር።»

መላጫውን ከጉንጩ ላይ አነሳሁ። «ታዲያ ቢላዋውን ለምን ወሰድክባቸው?»

ደህነኛው ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኔ ልይዘው ጓጉቼ ነበር» አለኝ።

ቁጣ ያዘኝ ብል ደስ ባለኝ። በልጅነቴ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ቤቱን በጩኸት እሞላው ነበር። አሁን ግን ደክሞኝ ነበር፣ እሱም ደክሞታል፤ ይቅር ሊሉት የሚገባቸው ሰው ደግሞ ከሞቱ ቆይተዋል። አባቴ እያወቀ እንደወሰደባቸው አያቴ ያውቁ ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ውሃው እየቀዘቀዘ ስለ ነበር አገጩን ወደ እኔ መለስ አድርጌ የቀረውን ጉንጩን ላጨሁት።