ያለ ተልባ የፈሰከ ውሻ

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ውሻ ከነካቸው በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። የወንድሜ ውሻም ይህን ያወቀ ይመስል፣ ሲያያቸው ከሩቅ ቆሞ ጭራውን ይቆላል እንጂ አይጠጋቸውም።

ታዲያ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሲሄድ ውሻውን ለእኔም ለእናቴም አልሰጠም። ዞር ብሎ «አባዬ፣ ውሻዬን አደራ!» አላቸው። እኔ በሳቅ ልፈርስ! አባቴ ግን አልሳቁም። «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ለወራት ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። እናቴ ውሻው በበላ ቁጥር «ይኸው፣ ልጄም በልቷል» ትል ጀመር። ይህን ስትል አንጀቴን ትበላው ነበር።

በዐቢይ ጾም እኛ ቤት ሥጋም ወተትም ዓሣም ስለማይገባ፣ ውሻውም የሽሮ ፍትፍት እየበላ አብሮን ጾመ። የፋሲካ ዕለት ከቀትር በኋላ ግን ሆዱ ተነፋ። አስመለሰው፣ አስቀመጠው፣ በመጨረሻ ከአጥሩ ሥር ተዘርሮ ቀረ። ስጠራው ጆሮውን እንኳ አላነሳም። እናቴ አየችውና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቁጭ አለች። የምታለቅሰው ለውሻው ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

እኔ ደግሞ ስደነግጥ እቆጣለሁ፤ አመሌ ነው። የዓሣ አንጀት ያበሉት መስሎኝ ወደ ጣና ዳር ወረድሁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ አዲስ ነጠላውን ለብሶ ታንኳው አጠገብ ፀሐይ ይሞቃል። «ውሻችንን ምን አበላኸው?» ብዬ አፈጠጥሁበት።

«አይ እቴ! በፋሲካ ማን ዓሣ ያጠምዳል? ይልቅ ቤትሽን ጠይቂ» አለኝ። አፍሬ ተመለስሁ።

ጎረቤታችን ኮሶ አጠጡት አለች። «ኮሶ! እንዲህ ደክሞ? ጨርሱት በይና!» አልኋት። ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ያለችም አልጠፋች። እናቴ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። «ሆዱ ይረፍ። ማስመለሱን እስኪተው የሚበላ አትስጡት፤ ውሃ ብቻ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ» አለች። በማግስቱ ማስመለሱ ሲቆምለት ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ አጠለለች፤ ጨውም ማርም አልጨመረችም። «ሰው ጾሙን ሲፈታ ከሥጋው በፊት ተልባ የሚጠጣው አንጀቱ እንዲለሰልስ አይደል? የውሻስ አንጀት አንጀት አይደለም?» አለች።

ግን ማን ይጋተው? እኔ አፉን ላስከፍት ብታገል ውሻው ጥርሱን ነክሷል። አባቴ ለቅዳሴ ነጭ ለብሰው ሊወጡ በር ላይ ነበሩ። ድንገት ተመልሰው መሬት ላይ ተቀመጡ። የውሻውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ተልባውን በማንኪያ በጉንጩ በኩል ጠብ ያደርጉለት ጀመር።

«አባዬ፣ ቅዳሴው!» አልሁ።

ቀና ብለው አላዩኝም። «የበጉን ላት የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ያን ሁሉ ቀን አብሮኝ ጾሞ እንዴት ብቻዬን ልፍሰክ? ተልባውን ግን ረሳሁት። ልጄ መጥቶ ውሻዬስ ቢለኝ ምን እላለሁ?»

ለካ እኔ የሰው ልጅ ላይ ስጮህ እሳቸው ያውቁ ኖሯል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ልቆጣ አፌን ከፈትሁ። እንባቸው በጺማቸው ሲወርድ አየሁና የተልባውን ዕቃ ያዝሁላቸው።

ያን ቀን ማኅሌቱን ሲመሩ የኖሩት ሰው ቅዳሴውን ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመው ሰሙ። ለምን እንደሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ «ውሻ ታቅፌ ነው» አሉ፤ አልዋሹም። በሦስተኛው ቀን ውሻው ቀጭን የገብስ አጥሚት ላሰና ጭራውን ቆላ። እናቴ እልል አለች።

ወንድሜ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለወራት ተርቦ ከርሞ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ ከውሻው በቀር ያወቀው አልነበረም። እናቴ እየሳቀችም እያለቀሰችም ቅቤው የተንሳፈፈበትን ዶሮ ወጥ ይዛ ስትመጣ አባቴ እጇን ያዙ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ተልባ» አሉ።

መሬት ላይ ተቀመጡ፤ የወንድሜን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው በማንኪያ ጠብ ያደርጉለት ጀመር። ውሻው መጥቶ እግራቸው ላይ ተኛ። በዚያው ማታ ለእሑድ ማኅሌት ቤተ ክርስቲያን መግባት ነበረባቸው፤ አባቴ ግን እግራቸውን አላሸሹም።