አራት ጣት ላስቲክ

ባለፈው ሳምንት ለቡ መብራት ኃይል ካለ ሱቅ የዱቄት ሳሙና ገዛሁ። ላስቲኩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሏል፤ ከቅጠሉ ሥር «አካባቢን የማይጎዳ አዲስ ማሸጊያ» ይላል። ቤት ወስጄ ስቀደው ግማሹ አየር ነው። ይህን ያወጣው ሰው ዲግሪ እንዳለው፣ ከረባት እንደሚያስርና በየስብሰባው ስለ ላስቲክ ብክለት እንባ እንደሚያፈስ አልጠራጠርም። እንዲህ ያለ ሰው በወጣትነቴ አውቅ ነበር። ያኔ የሚለብሰው ካኪ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ በሃያ አንድ ዓመቴ፣ ንፋስ ስልክ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ሳሙና ፋብሪካ ንድፍ ሠሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ክረምት ነበርና ከጎፋ በእግሬ ስመጣ ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ይታገላል። በሩ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ትኩስ ቦምቦሊኖ ይሸታል፤ ግቢው ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሳሙናው ብናኝ ያስነጥሳል። ቦምቦሊኖው ራሱ ሳሙና ሳሙና ይል ነበር፤ ግን እንበላዋለን።

የማሸጊያው ላስቲክ የሚመጣው ከውጭ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ «የላስቲክ ፍጆታ ይቀነስ» የሚል ደብዳቤ ከበላይ መጣ፤ ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ጓድ ታደለ የፋብሪካው ካድሬ ነበር። ስለ ሳሙና የሚያውቀው ሚስቱ ሸሚዙን እንደምታጥብበት ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሰበሰበን። አንድ ቀን ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሳሙናው ላስቲክ ከረጢት ላይ ያለችው የልብስ አጣቢ ሴት ሥዕል ትውጣ አለ።

«ጓድ፣ ሥዕሏ እኮ ቀለም ናት። ብትወጣ ላስቲኩ አይቀንስም» አልኩት።

«አንተ ሁሉን ነገር በቴክኒክ ዓይን ብቻ ነው የምታየው» አለኝ። ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

መፍትሔውን ያገኙት እትዬ ጫልቱ ናቸው። የላፍቶ ገበሬ ሚስት ነበሩ፤ ማሸጊያ ክፍል በኮንትራት ይሠራሉ። በዚያ ዓመት ባላቸው ታመው መሬቱን የሚያርስ ጠፍቶ ነበርና ሐሳባቸው ሁሉ ቋሚ ሠራተኛ መሆን ላይ ነበር። ጠቃሚ ሐሳብ አቅርቦ ኮከብ ሠራተኛ የተባለ ሰው ቋሚ ይደረግ ነበር።

«ና እስቲ ልጄ» ብለው ጠሩኝ። የተሞላ ከረጢት አንሥተው ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረጉት። ዱቄቱ ወረደ።

«ገበያ ላይ ጤፍ በጣሳ ስሰፍር ገዢው ዝም ይለኛል? ‹ነቅነቂው› ይላል። ሲነቀነቅ ይወርዳል። እዚህ ግን ሳንነቀንቅ ነው የምናሽገው። ታዲያ ከላይ ያለው ምንድን ነው? አየር አይደል?»

የከረጢቱ አፍ ለሚታሸግበት የሚበቃ ትተው፣ የተረፈውን ላስቲክ በጣታቸው ለኩት። አራት ጣት ሆነ። እኔም በማስመሪያዬ ለካሁ፤ ልክ ነበሩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አጭሩን ከረጢት በቀለም ነድፌ ከግርጌው «ሐሳብ አቅራቢ፦ ጫልቱ ቶሎሳ» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ጫልቱ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነበርና ስማቸውን ፊደል በፊደል እየጠሩ አነበቡት። «በቀለም ነው እንዴ የጻፍከው?» ብለው ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ።

ጓድ ታደለ ንድፉን አይቶ፣ «ሐሳብ የግለሰብ አይደለም፤ የኮሚቴው ነው። ኮሚቴውን ደግሞ ሊቀመንበሩ ይወክላል» አለኝ። ከዚያ ለነጻ ትምህርት ወደ ውጭ የሚላኩት ወጣቶች ስም ዝርዝር እሱ ዘንድ እንዳለ በጨዋታ መሐል ጣል አደረገ። አላስፈራራኝም፤ ማስፈራራትም አላስፈለገውም።

በንድፍ ወረቀት ላይ ቀለም በላጲስ አይጠፋም፤ በምላጭ ይፋቃል። ወረቀቱን እንዳልበሳው እየተጠነቀቅሁ ስማቸውን ፋቅሁት። በምትኩ በዚያ ሁሉም በሚያደንቀው ጽሕፈቴ የሱን ስም አሰፈርኩ።

ኮከብ ሠራተኞች በተሸለሙበት ቀን ጓድ ታደለ ሜዳልያውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ስለ ሰፊው ሕዝብ ድል ደሰኮረ። ቀጥሎ አዲሱን ከረጢት በሰው ፊት ሊሞላ ተነሣ። መነቅነቅ እንዳለበት አያውቅማ! ዱቄቱ ከከረጢቱ አፍ ተርፎ ካኪው ላይ ፈሰሰ፤ ከደረቱ እስከ ጫማው ነጣ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ትንፍሽ ሳይል አጨበጨበለት።

በማግሥቱ እትዬ ጫልቱን ንድፉ ከተለጠፈበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ወረቀቱ እዚያ ጋ ሻካራ ነበር። ዘወር ብለው አዩኝ።

«ጽሕፈትህ ያምራል» አሉኝና ወደ ሥራቸው ሄዱ። መስከረም ሲጠባ ኮንትራታቸው አልታደሰም።

እኔ በዓመቱ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄድኩ። ዛሬ ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለኛል። እትዬ ጫልቱ ጤፍ ያጭዱበት የነበረው የላፍቶ ማሳ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። እሳቸው የት እንደደረሱ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ጠይቄም አላውቅም።

ይህን ታሪክ ለዓመታት በየለቅሶ ቤቱና በየዕድሩ አውርቼዋለሁ። ጓድ ታደለ ሥዕሏን ሲያስወጣ፣ ካኪው በሳሙና ሲነጣ፣ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። «እስቲ ያንን ካድሬ ድገምልን» ይሉኛል፤ እደግመዋለሁ። መፍትሔውን ማን አገኘው ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ሳቁ እንዳይበላሽብኝ እትዬ ጫልቱን እዘላቸዋለሁ። ያንን ሰው ዕድሜ ልኬን ስንቀው ኖሬአለሁ፤ መናቅም ይገባዋል። ግን እሱ ያስፋቀኝ አንዴ ነው። ከዚያ ወዲህ ባወራሁት ቁጥር ስማቸውን የምፍቀው እኔው ነኝ።