የራበው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ጉኑኖ ባለው የአያቴ ቤት፣ ተረት ይርበው ነበር። እንዴት አትበሉኝ፣ እነግራችኋለሁ። ያኔ ማምሻውን ፍሙን ከበን እንቀመጥና አያቴ የቡላ ገንፎውን በአንድ ሰፊ ገበታ ታቀርባለች፤ መሃሉን አጎድጉዳ ቅቤ ታፈስበታለች። ከብቶቹ ከጀርባችን ያመነዥጋሉ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ እሷም የጦጣዋን ተረት ትጀምራለች። ጦጣዋ ልጇን አዝላ ወንዝ ልትሻገር ስትል ግን ዝም ትላለች። ለምን ስንላት፣ ተረቱ ራበው፣ ትንሹ ሳይጎርስ አይነሳም ነው መልሷ። ትንሹ ወንድሜ ደግሞ ምግብ ሲያይ አፉን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ልጅ ነበር። እኛ ታላላቆቹ ታዲያ ለጦጣዋ ጨንቆን፣ አንዴ ስንለማመጠው አንዴ ስንሰድበው፣ በመጨረሻ ይጎርሳል። ጦጣዋም ትሻገራለች።

ዘንድሮ ደቡብ አፍሪካ ያለችው ልጄ፣ ሥራው እስኪቀልላት ብላ ትንሿን ልጇን ቤቴልን እዚህ ሶዶ ላከችልኝ። ልጅቷ ከመጣች ወዲህ ከደረቅ ዳቦ በቀር የምትቀምሰው የለም። ቆጮ ጋገርኩ፣ ጎደሬ ቀቀልኩ፣ ቡላውን በወተት አቀጠንኩ፤ አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ሐኪም አየና ሕመም የለባትም አለ። ቀሚሷ ግን ከትከሻዋ እየወረደ ነው። እናቷን በስልክ ብጠይቃት እዚህም ያው ነበረች፣ የአገሬው ልጆችም የእናታቸውን የበቆሎ ገንፎ እየተፉ ነው የሚያድጉት ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ አደራ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ማምሻውን መብራት ጠፋና ሻማ ለኮስኩ። ገንፎውን አጎድጉጄ ቅቤ አፈሰስኩበት፤ ጦጣዋንም ወንዙ ዳር አድርሼ ዝም አልኩ። ቤቴል አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማው። ማንኪያው ሲቀርብ ዘጋችው።

«አያቴ፣ ጦጣዋስ?»

«ተረቱ ራበው፣ ልጄ።»

ጥቂት አሰበችና ከገንፎው በጣቷ ቆንጥራ ወደ አፌ ዘረጋች።

«እንኪ። ለተረቱ።»

ምን ላድርግ? የልጅ ጉርሻ አይመለስም። ጎረስኩ። ጦጣዋ ፈቀቅ ባለች ቁጥር እንደገና አጎረሰችኝ፣ ሳህኑ እስኪያልቅ ድረስ።

ያኔ ወንድሜን የሚያስጎርሰው ተረቱ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዙሪያውን ተቀምጠን የምንነዘንዘው እኛ ነበርን። ተረቱ ከእኔ ጋር ቀረ፤ ነዝናዦቹን ከየት ላምጣ?

በልጅቷ ጣት ላይ ቅቤ ቀርቶ ነበር። ትልሰው ይሆን ብዬ አየኋት።

በቀሚሴ ጠረገችው።