ላሞቹ የሰሙት ድምፅ

ናይሮቢ ፒያኖ ተምሬ ሞያሌ ስመለስ የተቀጠርኩበት ትምህርት ቤት ፒያኖ አልነበረውም። ስለዚህ ተማሪዎቼን ቆርቆሮ በጠጠር አስፋቅኳቸው፣ ባዶ ጀሪካን ውስጥ አስጮህኳቸው። ያንን ቀርጬ በኮምፒውተር እየቆራረጥኩ ሙዚቃ እሠራበት ነበር። አንድ አባት ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ምዋሊሙ፣ አንቺ መምህርት፣ ልጆቻችንን ዘፈን አስተምሪልን እንጂ ይሄ የቆርቆሮ ጩኸት ምንድነው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልተውኩም።

ከሞያሌ ወጣ ባለችው ዳበል መንደር አምስት ላሞቻቸውን በዜማ የሚጠሩ አንዲት አሮጊት አሉ ሲባል ሰምቼ ልቀርጻቸው ሄድኩ። «እንዲሁ በከንቱ አልጠራቸውም፤ መግቢያቸው እስኪደርስ ጠብቂ» አሉኝ በቦረንኛ። ጠበቅሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እያንዳንዷን በስሟ ጠሩ፤ በስሞቹ መሃል የሚያዜሙት ግን ቃል አልነበረም።

አሮጊቷ በዓመቱ አረፉ። ላሞቹን እዚሁ ሞያሌ፣ ሄሉ ሰፈር ያለ ነጋዴ ገዛቸው።

ለወላጆች በዓል ባዘጋጀሁት ሥራ ውስጥ የአሮጊቷን ድምፅ አስገባሁት። ቃሉም ዜማውም ጠፍቶ ከመሬት ሥር የሚወጣ ጉምጉምታ እስኪመስል ድረስ አዘግይቼው ነበር። ከተማ ውስጥ ሱቅ ያላት ልጃቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ስጨርስ ልነግራት አስቤ ድምፁን ከፈትኩት። እሷም አላወቀችውም፤ ስልኳን ትነካካ ነበር።

ቀትር ነው፤ ግቢው በፀሐይ ነድዷል። ትንሽ እንደቆየ ሰዎች ወደ በሩ መዞር ጀመሩ። አምስት ላሞች ገቡ። አልሮጡም፣ አልጮሁም። ማንንም ሳይነኩ በወንበሮቹ መሃል አልፈው ድምፅ ማጉያው ፊት ቆሙ። ጆሯቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ልጅቷ ብድግ አለች። «የእናቴ ላሞች ናቸው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምንድነው የከፈትሽው?»

«እናትሽ ናቸው» አልኳት።

«አጥፊው!»

አጠፋሁት። ላሞቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ነጋዴው መጥቶ በዱላ ቢነዳቸውም እምቢ አሉ። ልጅቷ እንደ እናቷ አድርጋ ጠራቻቸው፤ አንዷም አልዞረችም። ወላጆች አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። በመጨረሻ ልጅቷ አጠገቤ መጥታ፣ «ሳታበላሺው፣ እንዳለ አሰሚያቸው» አለችኝ ቀስ ብላ።

ያልተነካውን ቅጂ ከፈትኩት። የአሮጊቷ ድምፅ ባዶው ግቢ ውስጥ ተሰማ። በስሟ የተጠራችው ላም ብቻ ዞራ ትወጣለች፤ ከዚያ ቀጣይዋ። አምስተኛዋ ስትወጣ ድምፁ አንድ ስም ጨመረ። ስቀርጽ ሰምቼው የሌላ ላም መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ ግድግዳውን ያዘች። «ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበር የምትለኝ» አለች። «ሌላ ሰው አያውቀውም።»

ጫማዋን ወንበሩ ሥር ትታ ላሞቹን ተከትላ ወጣች። ስጠራት አልሰማችኝም።

ከሳምንት በኋላ ሱቋ ተዘግቶ አገኘሁት። ላሞቹን ከነጋዴው መልሳ ገዝታ ዳበል ገብታለች። ቅጂውን ወስጄ ሰጠኋት፤ እኔ ዘንድ ያለውን አጠፋሁ። ደህና ናት፤ ወተት አጠጣችኝ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀችኝ። ዛሬም አስተምራለሁ፤ ቆርቆሮም እንፍቃለን። የሰው ድምፅ ግን ማዘግየት ትቻለሁ። ተማሪዎቼ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ኮምፒውተሩ አይችልም እላቸዋለሁ።