ሙሽራ ብቻ ያየችው ውሃ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ነው፤ እስካሁንም ረጅም ቃል ሲመጣብኝ በጣቴ ይዤ ነው የማልፈው። ቦንጋ ውስጥ ስንት የተማረ ሰው እያለ እኔ ብዕር ማንሳቴ ያሳፍረኛል። ግን የአልጣሽን ነገር ከራሷ አፍ የሰማሁት እኔ ነኝ። «አንቺ ጻፊው፤ እኔ ስናገረው ሐሜት ይመስልብኛል» ያለችኝም እሷው ናት። እንግዲህ እንደ ነገረችኝ ልሞክረው። የተሳሳተ ነገር ካለ ጥፋቱ የእጄ ነው።

አልጣሽ ወልደ ማርያም የተዳረችው በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ሌላው አገር በጥር ደረቅ ነው ይላሉ። የእኛ ሰማይ ግን ለጥርም ለሰኔም አያዳላም፤ ሲለው ይጥላል።

ያን ቀን የሆነውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያወቀው ግን ግማሹን ነው። ዳሱን የሠሩት ጋሽ ቢሻው ነበሩ። ቀርከሃውን ራሳቸው ቆርጠው፣ ላስቲክ ወጥረው፣ በላዩ የእንሰት ቅጠል ደርበው ያቆሙት ዳስ ዓይን የሚስብ ነበር። ሙሽራው ከነአጃቢው ገብቶ፣ ምሳው ገና ሳይነሳ ዝናቡ መጣ። ትንሽ ቆይቶ የኋላው ቋሚ ዘመመ፣ ጣሪያው ጎበጠ፣ የተጠራቀመው ውሃ ወጡ ላይ፣ ጠጁ ላይ፣ በሙሽራው አባት መላጣ ላይ ተገለበጠ። ሰው እየጮኸም እየሳቀም ወጣ። አልጣሽ ነጭ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነክቶ፣ በአጎቷ ጀርባ ታዝላ ወደ መኪናው ሄደች። እንደ ጆንያ ነው የጫኗት።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ዘመን አቆጣጠር እሷ ሆነች። «ልጄ የተወለደው በአልጣሽ ዝናብ ጊዜ ነው» ይባላል። «ከአልጣሽ ዝናብ በኋላ ነው ቤቱን የገዛሁት» ይባላል። ድስት የምትልስ ልጅ በሰርጓ ቀን ይዘንብባታል የሚል አባባል አለ አይደል? እትዬ አበዛሽ የሚባሉ ጎረቤት ባገኟት ቁጥር «አንቺ ድስት ላሽ!» ይሏታል። ደግሞ እኮ ድስት የምትልሰው ታናሽ እህቷ ዕፀገነት ነበረች። እናታቸው ድስት ባወረዱ ቁጥር ጭንቅላቷን ከድስቱ ውስጥ አውጥተዋታል፤ አፍንጫዋ ወጥ ሳይነካው የዋለበት ቀን የለም። ድስቱን የላሰችው ዕፀገነት፣ ዝናቡ የወረደው አልጣሽ ላይ። አልጣሽ ይህን ለራሷ ስንት ጊዜ እንዳለችው አምላክ ይቁጠረው።

ጋሽ ቢሻውንም ከዚያ በኋላ ዳስ ሥሩልን ያላቸው ሰው የለም። «ቢሻው ከሠራው ዳስ ሥር ከመቀመጥ ዝናቡ ላይ መቀመጥ ይሻላል» ተባለ። ሰውየው ቀርከሃቸውን ይዘው ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ዳር ቀፎ መሥራት ጀመሩ።

አሁን ማንም ያላወቀውን ግማሹን ልንገራችሁ። ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች። ቀና ካለች ዓይን አውጣ ትባላለች። ዝናቡ ሲመጣ ያ ሁሉ ሰው ሽቅብ ጣሪያውን ሲያይ፣ መሬት መሬቱን የምታይ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። አልጣሽ መጀመሪያ ያየችው የተጎዘጎዘው ሣር ሲንሳፈፍ ነው። ጣሪያው ጠብ አላደረገም። ውሃው የገባው ከኋላ፣ ከዳሱ ግርጌ ነው። መጣ፣ ጫማዋን ሞላ፣ የቋሚውን ሥር አላቆጠው። ቋሚው ሰመጠ፤ ጣሪያው የወደቀው ከዚያ ወዲያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባቷ ቤት ጀርባ የቡና ዳገት አለ። የዳገቱን ውሃ ወደ መንገድ የሚያወጣ አሮጌ ቦይ ነበር። ለሰርጓ ግቢው ይስፋ ተብሎ መሬቱ ሲደለደል፣ ቦዩ በአፈር ተሞላ። ውሃው መንገዱን ሲያጣ ሰርግ ቤት ገባ። ከሰርጉ በኋላ አባቷ አፈሩን አውጥተው ቦዩን ከፈቱት፤ ይህን ከዳሱ መውደቅ ጋር ግን ያገናኘ የለም።

ለምን አልተናገረችም? ሙሽራ አትናገርም። በኋላስ? በኋላ የጠየቃት የለም። ሰው ስቆ ከጨረሰ ወዲያ እውነት ምን ይሠራለታል?

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በሁለት ሺህ ሁለት ጥር ተራው የዕፀገነት ሆነ። ሙሽራው ልዑልቃል የሚባል፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ደርባባ ልጅ። አልጣሽም ባሏንና ልጆቿን ቤት ትታ፣ ሳምንቱን ለማገዝ አባቷ ቤት ገባች።

አባቷ አቶ ወልደ ማርያም ያን ዓመት የተሰናዱት ለሰርግ ነው ወይስ ለጥፋት ውሃ ያሰኛል። ድንኳኑ በብረት የሚቆም፣ ከጅማ በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው። ወጥ ቤቱ ለብቻው ቆርቆሮ ተመታለት። ከጎረቤት አሥራ ሰባት ጃንጥላ ተሰበሰበ፤ የማን የማን እንደ ሆነ እንዳይጠፋ እጀታው ላይ ክር ታሰረበት። ሸራው ውሃ ካረገዘ ከሥር ገፍቶ ለማፍሰስ፣ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ቀርከሃ በአራቱም ማዕዘን ተደገፈ። ሙሽራዋን እስከ መኪና ለሚያደርሱት ሚዜዎች ቦቲ ጫማ ሳይቀር ተዘጋጀ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ የሚነሳው የእሷ ስም ነው። «እንደ አልጣሽ እንዳይሆን ገመዱን አጥብቁት!» «የአልጣሽ ትምህርት ሆኖናል!» ጃንጥላ በመጣ ቁጥር አልጣሽ። ችንካር በተመታ ቁጥር አልጣሽ።

«ያንቺ ዝናብ ባይኖር ይህን ሁሉ ማን ያስብ ነበር?» አሉ እትዬ አበዛሽ፣ ሽንኩርት ከሚከትፉት ሴቶች መሃል ተቀምጠው። «ለእህትሽ ብለሽ እኮ ነው የበሰበስሽላት!»

ሴቶቹ ሳቁ። አልጣሽም አብራ ሳቀች፤ የምትከትፈውን ሽንኩርት ግን ከሚገባው በላይ አደቀቀችው። ለእኔ ጊዜ ጃንጥላ የት ነበር? ትላለች በሆዷ። ለእኔ ጊዜ ቦቲ የት ነበር? ያኔም አባባ አባት ነበሩ፣ ያኔም ሰማይ ሰማይ ነበር። ቅናት እንደ እከክ ነው፤ ስታኪው ደስ ይላል፣ ስትተዪው ያቃጥላል። እሷ ሳምንቱን ሙሉ ስታክ ሰነበተች።

ሐሙስ ዕለት የጅማው ድንኳን ከግቢው ሰፋ። «ከኋላ በኩል ይደልደል» ተባለ። ጎረምሶቹ አካፋ ይዘው ሄዱ። አልጣሽ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አየቻቸው፤ ያን ቦይ፣ ያንኑ ቦይ፣ አፈር እየሞሉ ይረግጡታል። እንስራዋን እንደያዘች ቆመች። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ዋጠችው።

ማታ በእራት ላይ አባቷ በድንገት «አልጣሽ» አሏት።

«አቤት አባባ።»

«ያንቺ ጊዜ ግን ውሃው በየት በኩል ነው የጀመረው?»

አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ በመጨረሻ መጣ፤ የመጣው ግን ለዕፀገነት ሲባል ነው።

«ከላይ ነዋ» አለች። «ሁሉም ያየው አይደል?»

«እኔስ ምን አልኩ!» አሉ አባቷ፣ «የዚያ ቢሻው ጣሪያ ነው ጉድ የሠራን።» ወጡን አጠቀሱና ጎረሱ። አልጣሽ ውሃ ላምጣ ብላ ተነሳች።

እሑድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ሰዎች እየተሳለቁ ነው። «ወልደ ማርያም ለፀሐይ ጃንጥላ ሰበሰቡ!» ይባባላሉ። አልጣሽ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ጠጅ እየቀዳች፣ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ስድስት ሰዓት ምንም የለም። ይህችማ እድሏም ከእኔ የተለየ ነው አለች፤ ድስት ልሳ እንኳ አይዘንብባትም።

ሙሽሮቹ ገብተው ምሳው ግማሽ ሲደርስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዳገቱ ጠቆረና ያ የእኛ ዝናብ ወረደ። ሰው ሁሉ ሽቅብ አየ። ቀርከሃ የያዙት ልጆች ሸራውን ገፋ ሲያደርጉት ውሃው በጎን በኩል ዷ ብሎ ፈሰሰ። አንድ ጠብታ አልገባም። ሰው አጨበጨበ፣ እልል ተባለ፣ አቶ ወልደ ማርያም ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

«አየሽ አልጣሽ?» አሉ እትዬ አበዛሽ በክርናቸው ጎሰም አድርገው፣ «እንዲህ ነው መሰናዳት!»

አልጣሽ ሽቅብ አላየችም። እሷ ያየችው ከሙሽሮቹ ወንበር ኋላ ያለውን ሣር ነው። ሣሩ ተነሣ። ትንሽ ሄደ። ቆመ። እንደገና ሄደ። ልቧ ዘለለ፤ ደስታ ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ። ይምጣ አለች። እስኪ እሷም ትቅመሰው። እስኪ የጅማው ብረትም ይስመጥ።

ዕፀገነት አንገቷን ደፍታለች። አልጣሽ እያየቻት፣ የሙሽራዋ እግር ወደ ኋላ ሸሸ። ነጩ ጫማ ጠቁሯል። ዕፀገነት ከንፈሯን ነክሳ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ በዓይኗ ብቻ ፈለገች፤ ቀና ያለ ሰው ሁሉ ጣሪያውን እያየ ይስቃል። አልጣሽ ያንን አንገት አወቀችው፤ የራሷ ነበር። የዕፀገነት ዓይን ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ሲያርፍ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል መሬት የሚያዩት ሁለቱ ብቻ ሆኑ።

አልጣሽ የጠጁን ማንቆርቆሪያ ለእትዬ አበዛሽ አሳቀፈቻቸው። በጓሮ በር ወጣች፣ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ መቆፈሪያ አነሳች። የኋለኛው ብረት ሥሩ ላቁጦ ዘመም ብሏል። ዝናቡ ላይ ቆማ የተረገጠውን አፈር መዘርገፍ ጀመረች። በየቁፈራው «ለእኔ ማን ቆፈረ? ለእኔ ማን ቆፈረ?» እያለች ነው። ቅናቷ አልወጣላትም፤ እንዲያውም ጉልበት ሆናት። አዲሱ ቀሚስ ጭቃ ሆነ፣ የተሠራው ፀጉሯ ፈረሰ።

እትዬ አበዛሽ ማንቆርቆሪያውን እንደታቀፉ ብቅ አሉ። «ኧረ በመድኃኔዓለም! በእህትሽ ሰርግ ጭቃ ታቦኪያለሽ? ቅናት አሳበደሽ?»

«አዎ አሳበደኝ!» አለች አልጣሽ። «አሁን ወይ አካፋ ያንሱ፣ ወይ ይግቡና ጣሪያዎን ይዩ!»

ሴትዮዋ ተመልሰው ገቡ። ቦዩ ተከፈተ። ውሃው አንዴ እንደ ማመንታት አለና ወደ ድሮ መንገዱ ታጠፈ፤ እየጮኸ ወደ ታች ወረደ። ድንኳኑ ቆመ። ውስጥ ያለው ሰው ምንም አላወቀ፤ ዘፈኑም አልተቋረጠ። ቪዲዮ ቀራጩ ቤተ ሰቡን ሲያሰልፍ አልጣሽ ወጥ ቤት ውስጥ እግሯን እየታጠበች ነበር። ዛሬም ያ ቪዲዮ ሲታይ እሷ የለችበትም፤ ይህም ያንገበግባታል።

ዕፀገነት ስትወጣ ጃንጥላው ሥር ቆም አለች። አልጣሽን በጭቃዋ አቀፈቻትና በጆሮዋ «እቴቴ፣ ከታች ነው እንዴ የሚመጣው?» አለቻት።

«ከታች ነው።»

«ያንቺም?»

«የእኔም።»

ዕፀገነት ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ታዲያ ጋሽ ቢሻውስ?» ብላ ስትጠይቅ ሚዜዎቹ ጎትተው ወሰዷት።

በማግሥቱ ጠዋት የድንኳኑ ሰዎች ብረቱን እየነቀሉ ሳለ፣ አልጣሽ በሙሽራዋ ሚዜ ቦቲ ጫማ ወደ ማንኪራ መንገድ ወጣች። ጋሽ ቢሻው በራቸው ላይ ተቀምጠው ቀፎ ይጠቀልላሉ።

«ጋሽ ቢሻው፣ እንደምን አደሩ?» አለች። ከዚያ ሰላምታውን ሳትጨርስ «ጣሪያዎ አላፈሰሰም ነበር» አለቻቸው። «ውሃው ከዳገቱ ነው የመጣው። አይቼዋለሁ። ያኔም አይቼዋለሁ።»

ሰውየው ቀርከሃውን አላስቀመጡም። «የኋላው የግራ ቋሚ ነው መጀመሪያ የሰመጠው?» አሉ።

«እሱ ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ስነቅለው ስተክለው...» ብለው ተዉት። አልጣሽ ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ገብተው ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

«ነይ» አሉ፤ «ይህን ለእኔ ሳይሆን ለአባትሽ ንገሪው። እኔ ቆሜ ልስማው።»

አልጣሽ ከፊት ከፊት ሄደች። ግቢው ሲደርሱ የተከፈተው ቦይ አጠገብ አቆመቻቸውና ወደ ቤቱ ዞራ «አባባ!» ብላ ተጣራች። «ይውጡ እስቲ! ሐሙስ ማታ ዋሽቼዎታለሁ!»