ያልቀለጠችው የአባታችን ፍሎሪን

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ስነሣ፣ አባታችን ትተውልን የሞቱት ስስ የወርቅ ሳንቲም በውስጥ ኪሴ ነበረች። አዲስ አበባ ወርቅ ሠሪ ሳሉ ከደንበኛ ገዝተው ያላቀለጡት እሷን ብቻ ነው። እህቴ ሶስና ለልጇ ሠርግ ቀለበት ላሠራባት ብላ፣ ከሰዓት በኋላ ስፕሪንግፊልድ ወርቅ ሠሪ ጋ ቀጠሮ ይዛለች። እኔ ደግሞ ከመቅለጧ በፊት ምንነቷን ልወቅ ብዬ አሌክሳንድሪያ የጥንት ሳንቲም ወደምትሸጥ ሴት ሄድኩ። ሶስና፣ ላለመስጠት ሰበብ እየፈለግህ ነው ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

በባቡር

ሐዲዱ እየተጠገነ ስለነበር የቀዩ መስመር ባቡር በየጣቢያው ብዙ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ኪሴን ያየ መሰለኝና ቦታ ቀየርኩ። ቀጥሎ የያዝኩት የቢጫው መስመር ባቡር ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ፖቶማክን ሲሻገር እንኳ ወንዙን በወጉ አላየሁትም፤ እጄ ደረቴ ላይ ነበር።

ኪንግ ስትሪት

የአሌክሳንድሪያ የጡብ መንገድ ዝናብ ነክቶት ያንሸራትታል። ባለሱቋ ጸጉራቸው የነጣ አሜሪካዊት ናቸው። ሳንቲሟን መዘኑ፤ በማጉያ መስተዋት አዩ።

"ኮፒ ናት" አሉኝ።

ሳንቲሟን ላነሣ እጄን ሰደድኩ። ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ አስቀመጡኝና አስረዱኝ። በአንድ ወገን የአበባ፣ በሌላው የመጥምቁ ዮሐንስ ምስል ያለባት፣ ፍሎሪን የምትባለው ሳንቲም መጀመሪያ የተሠራችው ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ውስጥ ነው። ወርቋ ንጹሕ ስለሆነ የሱፍ ነጋዴውም ወታደሩም አመናት፤ ከአገር አገር ዞረች። ነገሥታቱም እሷን አስመስለው የየራሳቸውን አሠሩ። የኔዋ ላይ ያለው ስም የሃንጋሪ ንጉሥ ነው፤ ኮፒ ብትሆንም ወርቋ እውነተኛ ነው። አብዛኞቹ ግን ቀልጠው ሌላ ሳንቲም ሆነዋል።

"የቀሩት፣ የያዛቸው ሰው ሁሉ ስላላቀለጣቸው ነው" አሉኝ።

ስፕሪንግፊልድ

ሶስና በመኪናዋ መጥታ ከጣቢያው ወሰደችኝ። የሰማሁትን መንገድ ላይ ነገርኳት። ወርቅ ሠሪው በር ላይ ፓርክ አድርጋ እጇን ዘረጋች፤ ሰጠኋት።

"አባባ ለምን አላቀለጧትም?" አለችኝ።

"አልነገሩኝም።"

ሳንቲሟን ጨብጣ ብቻዋን ገባች። ልከተላት አልኩና ተውኩት፤ የሷም አባት ናቸው። የመኪናው መስኮት በትንፋሼ እስኪደበዝዝ ጠበቅሁ። ስትወጣ መዳፏን ከፈተች። ፍሎሪኗ እንዳለች ናት፤ ከእጇ የማይለየው የወርቅ አምባሯ ግን የለም።

"ቀለበቱ ከሱ ይሠራል" አለችኝ። "ሳንቲሟ እኔ ጋ ትሁን። ይደብርሃል?"

አይደብረኝም አልኳት።

ሲመሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባሁ። ሳንቲሟን ያቆያት ወርቅነቷ ይመስለኝ ነበር። ለካ በየዘመኑ እሷን ለማዳን የራሱን የሰጠ ሰው ነበር። ከሶስና በኋላ ማን እንደሚይዛት አላውቅም፤ ጭንቀቴም ገና አልለቀቀኝም።